ባለ ሰይፍ መንቁሩና ግዙፉ ሃሚንግበርድ፦ የትኛውን የት ማየት ይቻላል?

ማሂ_ዲሲ
ሰላም ቤተሰብ። ለኢኳዶር ጉዞ የወፍ ዝርዝር እያዘጋጀን ነው። መነሻችን ኪቶ ነው፣ ለወፍ የተመደበው ሁለት ሙሉ ቀን ብቻ። ከሃሚንግበርዶች (አየር ላይ ቆመው የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚጠጡ ወፎች) ሁሉ ሁለቱን ማጣት አንፈልግም፦ ባለ ሰይፍ መንቁሩን (ኤንሲፌራ ኤንሲፌራ) እና ግዙፉን (ፓታጎና)። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል ወይስ ቀኑን መክፈል አለብን? አጠገብ ላጠገብ ባናያቸውም በምን በምን እንደሚለያዩ በዝርዝር የምታውቁ ጻፉልኝ። «አንዱ ረጅም መንቁር አለው» የሚለውን ሁሉም ድረ ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ።

የአንዲስ_መንገድ
ቀኑን ክፈሉት። አገር አንድ ይሁን እንጂ መኖሪያቸው አንድ አይደለም። ባለ ሰይፉ እርጥብ ነው የሚፈልገው፤ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 እስከ 3,500 ሜትር ገደማ ባለው ጉም የማይለየው ደን፣ በተለይ የደኑ ጠርዝ ላይ ይኖራል። ከቬኔዝዌላ ተራሮች እስከ ቦሊቪያ ድረስ አለ። ግዙፉ ደግሞ ደረቅ ሸለቆ፣ ቁልቋልና አጋቬ የበቀለበት ገላጣ ተዳፋት፣ የእርሻ አጥር ይመቸዋል። ኪቶ መሃል ላይ ስለሆነች ወደ አንዱ ምዕራብ፣ ወደ ሌላው ምሥራቅ ትወጣላችሁ።

መጠን። ግዙፉ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ከ18 እስከ 24 ግራም ነው። በሃሚንግበርድ ሚዛን ይሄ ትልቅ ነው፤ ብዙዎቹ ዘመዶቹ 5 ግራም አይሞሉም። ባለ ሰይፉ ከ10 እስከ 15 ግራም ይመዝናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መጽሐፍ ላይ የሁለቱ ርዝመት የተቀራረበ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የባለ ሰይፉ ግማሽ ያህሉ ግን መንቁር ነው። መንቁሩ ብቻውን ከ9 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ጭራውን ካልቆጠራችሁ ከገላው ይበልጣል። ከወፍ ሁሉ ይህን ያደረገ ሌላ የለም።

በረራ። ከሩቅ ለመለየት ከመንቁሩ ይልቅ ክንፉን እዩ እላለሁ። ግዙፉ አየር ላይ ሲቆም ክንፉን የሚመታው በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ነው። ትንንሾቹ ከ50 በላይ ስለሚመቱ ክንፋቸው ጭጋግ ነው የሚመስለው፤ የግዙፉን ግን አንድ በአንድ በዓይን ትከተሉታላችሁ። አንዳንዴም ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። አዲስ ሰው መጀመሪያ «ሃሚንግበርድ አይደለም፣ ስዊፍት (ረጅም ክንፍ ያለው ሌላ ወፍ) ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቀለሙም አያግዝም፦ ቡናማ፣ ከሥር ቀላ ያለ፣ ብልጭልጭ የሚባል ነገር የለውም። ሲዞር ከጭራው በላይ የሚታየው ነጭ ቦታ ግን ያሳብቅበታል።

አቀማመጥ። ባለ ሰይፉ ሲያርፍ መንቁሩን ወደ ሰማይ ያቆማል። አግድም ቢይዘው ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አንገቱን ያደክመዋል። ላባውን በመንቁሩ ማበጠርም አይችልም፤ ጫፉ ደረቱ ላይ አይደርስም። እግሩን አንስቶ በጥፍሩ ሲያክ ታዩታላችሁ። ይህን ሲያደርግ ለጥቂት ሰከንድ አንድ ቦታ ስለሚረጋ ለማየትም ለፎቶም ጥሩ ጊዜ ነው።

ቦታ። ባለ ሰይፉን ያናኮቻ ፈልጉት። በፒቺንቻ ተራራ ጎን፣ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የሆኮቶኮ ፋውንዴሽን ጥብቅ ደን ነው። መንገዱ ሜዳ ማለት ይቻላል፣ የስኳር ውሃ መጋቢዎችም ተሰቅለዋል። ካልቀናችሁ በፓፓያክታ በኩል ወርዳችሁ ጓንጎ ሎጅ አለ፤ እሱ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ግዙፉን ወደ አንቲሳና ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ታምቦ ኮንዶር የሚባል ምግብ ቤት ጋ ታገኙታላችሁ፤ በረንዳው ላይ መጋቢ አለ። ቡና ይዛችሁ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ባለ ሰይፉን በመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ ጉም ከከለከላችሁ በሁለተኛው ቀን ጓንጎን መሞከር ትችላላችሁ። ግዙፉ ያን ያህል አያስቸግርም።

ደጋ_3000
ጥሩ ነው፣ ግን «ግዙፉ» ስንል የትኛው ግዙፍ? ከ2024 ወዲህ ሁለት ናቸው። የኒው ሜክሲኮና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፔሩና ከቺሊ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ባወጡት ጥናት ፓታጎና ለሁለት ተከፍሏል፦

የደቡቡ፣ ፓታጎና ጊጋስ የሚለውን የ1824 ስም እንደያዘ የቀረው፣ ቺሊ ባህር ዳር ድረስ ወርዶ የሚራባና ከዚያ የሚሰደደው ነው። የሰሜኑ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ኢኳዶርና ፔሩ ደጋ ላይ የሚቀመጠው ነው። የሰሜኑ በትንሹ ስለሚበልጥ «የዓለም ትልቁ ሃሚንግበርድ» የሚለው ማዕረግ አሁን የእሱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ስትፈልጉ ቻስኪም ፔሩቪያናም ታገኛላችሁ፤ አትደናገሩ፣ ስለ አንድ ወፍ ነው የሚያወሩት።

የተለያዩት ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ፔሩ ደጋ ላይ በስደቱ ወቅት ጎን ለጎን ይውላሉ፣ ግን አይዳቀሉም ማለት ይቻላል። በመልክ ልዩነታቸው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ለሁለት መቶ ዓመት ማንም አልለያቸውም።

ማሂ_ዲሲ
ታዲያ ኪቶ አጠገብ ያየነውን ምን ብለን እንመዝግበው? በመልክ ካልተለዩ?

ደጋ_3000
በቦታ። ኢኳዶር ከሆነ የሰሜኑ ብላችሁ ጻፉ፣ ቺሊ፣ ሳንቲያጎ አካባቢ ከሆነ የደቡቡ። ችግሩ ፔሩ ላይ ነው፤ እዚያ በተለይ ከጁን እስከ ኦገስት ሁለቱም ስለሚኖሩ በፎቶ ብቻ «ይሄ የሰሜኑ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በእጅ የተለካ ወይም የደም ናሙና ካላሳየ አትመኑት። ለፔሩ «ፓታጎና፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም።

ስደቱን ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ከሁሉ የሚገርመው እሱ ነው። ትንሽ መከታተያ ተጭኖባቸው የተገኘው ዑደት ከ8,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ 4,100 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ግን በአንድ ትንፋሽ አይደለም፦ ትንሽ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ሰውነታቸውን ከከፍታ ጋር የሚያለማምዱበት መንገድ ነው። ከፍ ባሉ ቁጥርም ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይጨምራል።

ዕፀ_ደብዳቤ
ስለ አበባው ማንም አላነሳም፤ ያለ አበባው ግን መንቁሩ ትርጉም የለውም።

የባለ ሰይፉ ዋና ደንበኛ የፓሽን ፍሩት ቤተሰብ ነው፣ ፓሲፍሎራ። ከእነዚህ ውስጥ ፓሲፍሎራ ሚክስታ የሚባለው ሮዝ አበባ ረጅምና ጠባብ ቱቦ አለው፣ ኔክታሩ (ጣፋጩ ፈሳሽ) ያለው ከቱቦው ሥር ነው። አጭር መንቁር ያለው ወፍ ከፊት ገብቶ አይደርስበትም። ባለ ሰይፉ ግን መንቁሩን እስከ ግንባሩ ይከተዋል፤ በዚህ ጊዜ የአበባው ብናኝ ግንባሩና አገጩ ላይ ይቀባል፣ ወደሚቀጥለው አበባ ይዞት ይሄዳል። በቅርብ ስታዩት ግንባሩ ላይ ቢጫ ዱቄት ካለ ቆሻሻ አይደለም፣ ከየት እንደመጣ የሚነግር ምልክት ነው።

37 ያህል የፓሲፍሎራ ዝርያዎች በዚህ አንድ ወፍ ላይ ተመክተው ይራባሉ። ይህ ትስስር ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሄድ በዘረ መል ተሰልቷል።

ሁለተኛው አበባ ብሩግማንሲያ ነው፣ ወደ መሬት የተንጠለጠለ ቀይና ቢጫ መለከት። የእኛ አገር አስተናግር ዘመድ ነው፣ መርዙም የዚያኑ ያህል ነው። ለፎቶ ብላችሁ አበባውን ወይ ቅጠሉን ከነካችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ፤ ብሌኑ ይሰፋና ለሰዓታት ብርሃን መቋቋም ያቅታችኋል። ወፉ ከሥር ገብቶ፣ ገላውን ሽቅብ አቁሞ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ደን ውስጥ ፍለጋችሁን ከዚህ አበባ ጀምሩ፦ ዓይናችሁን ቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን በተንጠለጠለው አበባ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ አድርጉ።

ግዙፉ ደግሞ መራጭ አይደለም። መንቁሩ ቀጥ ያለና 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የረጃጅም ቁልቋሎችን አበባ፣ አጋቬን፣ ፑያን፣ ኒኮቲያና ግላውካ የሚባለውን የትምባሆ ዛፍ ሁሉ ይጎበኛል።

የአንዲስ_መንገድ
@ዕፀ_ደብዳቤ ተቀብያለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ታሪኩ ቁልፍና መቆለፊያ ተደርጎ ሲነገር ስለሚያስቸግረኝ። ዲግሎሳ የሚባሉ ትንንሽ ወፎች አሉ፤ የላይኛው መንቁራቸው ጫፍ ወደ ታች የታጠፈ ነው። በእሱ አበባውን ይይዙና በታችኛው ሹል ቱቦውን ከሥሩ ይበሱታል፣ ኔክታሩን ከዚያ ይመጥጣሉ፣ ብናኝ አይነካቸውም። ሌሎች አጭር መንቁር ያላቸው ሃሚንግበርዶችም ያንኑ ቀዳዳ ይጠቀማሉ። የብሩግማንሲያ አበባ ስታዩ አንገቱ አካባቢ ትንሽ ቡናማ ጠባሳ ፈልጉ፤ ካለ ሌባ ቀድሟችኋል፣ ባለ ሰይፉም ያንን አበባ አሽትቶ ሳይሆን ሞክሮ ባዶ ሲያገኘው ይተወዋል።

ደግሞ ጥገኝነቱ እኩል አይደለም። አበባዎቹ ወፉን ካጡ ብዙዎቹ ዘር አያፈሩም፤ ወፉ ግን አንዱ ካልተገኘ ሌላ ረጅም አበባ አያጣም። ከእነዚሁ ፓሲፍሎራዎች አንዳንዶቹ በዘመናት ውስጥ ወደ ሌሊት ወፍና ወደ አጭር መንቁር ሃሚንግበርድ ዞረዋል። የተዘጋ ውል አይደለም።

ጅባራ
ጥያቄ አለኝ፦ ሃሚንግበርድ ማለት የእኛ ሰንበርድ አይደለም እንዴ? ሰሜን ተራሮች ላይ ጅባራው ላይ የሚውለው?

ዕፀ_ደብዳቤ
አይደለም፣ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። ሃሚንግበርድ ዛሬ አሜሪካ አህጉር ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ዘመዱ ስዊፍት ነው። ሰንበርድ ደግሞ እንደ ድንቢጥ ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው። ኑሮ ነው ያመሳሰላቸው። (ዛሬ ብቻ ያልኩበት ምክንያት አለ፦ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሃሚንግበርድ ቅሪተ አካል ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ በ2004 ታውጇል።)

የሚለዩበት ዋናው ነገር ትከሻ ነው። ሃሚንግበርድ ክንፉን ወደ ታችም ወደ ላይም ሲያንቀሳቅስ ይነሳል፤ ከሚያነሳው ኃይል ወደ ሩቡ የሚጠጋው ክንፉ ወደ ላይ ሲመለስ የሚገኝ ነው። ሰንበርድ ይህ ስለሌለው ለጥቂት ሰከንድ ቢያንዣብብም ዋናው ምግቡን አርፎ ነው የሚበላው። አበባዎቹም ይህን ያሳያሉ፦ የባለ ሰይፉ አበባ ማረፊያ የለውም፣ ባዶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጅባራ ግን ራሱ ምሰሶ ነው፣ ታከዜ ሰንበርድ በጥፍሩ ይዞት ወደ ላይ እየወጣ ይቀስማል።

ግዙፉ እዚህ ላይ መሃል ነው። ፔሩና ቦሊቪያ ደጋ ላይ ፑያ ራይሞንዲ የሚባል ተክል አለ፤ አሥር ሜትር ገደማ የሚደርስ የአበባ ምሰሶ ያወጣል፣ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከጅባራ ጋር ዝምድና የለውም፣ በቅርጽና በኑሮ ግን ይገናኛሉ። ግዙፉ ሃሚንግበርድ እዚያ ላይ አንዳንዴ ያንዣብባል፣ አንዳንዴ ይዞት ያርፋል። 20 ግራም ገላ ቀጭን አየር ላይ ማቆም ውድ ስለሆነ ማረፊያ ካገኘ ያርፋል።

ሌንስ_400
ስለ ፎቶ፣ ሁለቱ የሚፈልጉት ቅንብር የተለየ ስለሆነ ለየብቻ።

ግዙፉ፦ 1/1600 ሰከንድ ይበቃል፤ የክንፉ ጫፍ ትንሽ እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ 1/800። ከትንንሾቹ ጋር የለመዳችሁትን 1/4000 አታባክኑበት። ታምቦ ኮንዶር ገላጣ ስለሆነ ብርሃን አይቸግርም፤ እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከባድ ጥላ ያወርዳል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይሻላል።

ባለ ሰይፉ፦ ችግሩ ፍጥነት ሳይሆን የጥራት ጥልቀት ነው። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ 4 ሜትር ላይ፣ በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) ጥርት ብሎ የሚወጣው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ኤፍ 8 ብትዘጉት እንኳ 5 አይሞላም። መንቁሩ 10 ነው። ስለዚህ ወፉ ትንሽ ወደ እናንተ ከዞረ ዓይኑ ጥርት ሲል ጫፉ ይጠፋል። መፍትሔው ቀዳዳውን መዝጋት አይደለም፣ ቦታ መቀየር ነው፦ ከመጋቢው ወይ ከአበባው ጎን፣ 90 ዲግሪ ላይ ቁሙ፤ ትኩረቱን ዓይኑ ላይ አድርጉ። ሌላው ስህተት ፍሬሙን ማጥበብ ነው። ከፊቱ ቦታ ካልተዋችሁ መንቁሩ ተቆርጦ ይቀራል፣ ያ ፎቶ ደግሞ ማንኛውም አረንጓዴ ሃሚንግበርድ ነው።

ያናኮቻ ጉም ሲገባ አይኤስኦ 3200 እና ከዚያ በላይ እንደምትሄዱ ከወዲሁ ተቀበሉት።

ቢላል_አቡዳቢ
ስንት ሰዓት ላይ መድረስ አለባቸው? መጋቢ ካለ ቀኑን ሙሉ አይመጣም እንዴ?

ደጋ_3000
ይመጣል፣ ግን እኩል አይደለም። ደጋ ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙዎቹ ቶርፖር ውስጥ ይገባሉ፤ የሰውነታቸውን ሙቀት ጥለው ያድራሉ። በ2020 በወጣ የፔሩ ደጋ ጥናት አንዷ፣ ጥቁሯ ሜታሉራ፣ እስከ 3.26 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዳ ተለክታለች። ግዙፉም ከተለኩት ዝርያዎች አንዱ ነበር። ጠዋት ሰውነታቸውን አሙቀው ሲነቁ ጉልበታቸው አልቋል፣ መጀመሪያ የሚያደርጉት መብላት ነው። ስለዚህ ከንጋት በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት አንደኛ፣ ከመምሸቱ በፊት ያለው ሁለተኛ ነው።

ባለ ሰይፉ ላይ ሌላ ነገር ጨምሩ፦ አንድ የአበባ ቁጥቋጦ ይዞ ሌላውን አያባርርም፤ ተራርቀው ያሉ አበባዎችን በመስመር እየዞረ ይጎበኛል። መጥቶ ጠጥቶ ከሄደ ያው መስመር ዞሮ እስኪመልሰው ትንሽ ይቆያል። «አምልጦናል» ብሎ መነሳት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ሰዓቱን ያዙና በቦታችሁ ቆዩ።

ማሂ_ዲሲ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ሁሉ ከጠበቅኩት በላይ ነው። የመጨረሻ፦ የስኳር ውሃው ምንድን ነው የሚገባበት? ቤት በረንዳ ላይ ብንሰቅልስ ይሠራል?

የአንዲስ_መንገድ
አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር (200 ግራም ገደማ) ለአራት ኩባያ ውሃ። በቃ። ማር አታድርጉ፣ ውሃ ሲነካው ሻጋታ ያፈላል። ቡናማ ስኳርም አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ብረት ይጎዳቸዋል። ቀይ ቀለም አያስፈልግም፤ የመጋቢው ቀይ ክዳን ይበቃል። ሙቀት ሲሆን በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ፣ ሲቀዘቅዝ በየሦስት ቀኑ ቀይሩ፤ ፈሳሹ ከደፈረሰ ግን ቀን አትቁጠሩ፣ ወዲያው ድፉት። ዕቃውን በፈላ ውሃና በብሩሽ እጠቡ። ጉንዳን ካስቸገረ ከመስቀያው በላይ ውሃ የሚይዝ ትንሽ ጽዋ አስገቡ፤ ዘይት መቀባት የወፉን ላባ ያበላሻል።

ዲሲ ላይ የሚመጣላችሁ ጉሮሮው ቀይ የሆነው ትንሹ ሃሚንግበርድ ነው፣ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ። ከኢኳዶሮቹ አንዱም አይመጣም፣ ውህዱ ግን ያው ነው።

ሌንስ_400
መጋቢ የምትገዙ ከሆነ ጠፍጣፋ ሳህን የመሰለውን ግዙ። ጠርሙስ የተገለበጠበት ዓይነት ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ፈሳሹን ያንጠባጥባል፣ ንብና ተርብ ይሰበስባል።

ደጋ_3000
@ማሂ_ዲሲ አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ዲሲ ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፣ ኪቶ 2,850 ሜትር ናት። በደረሳችሁ ማግሥት በቀጥታ ወደ 3,500 አትውጡ፤ የመጀመሪያውን ቀን ኪቶ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ዋሉ፣ ውሃ ጠጡ። ያናኮቻን በሦስተኛው ቀን፣ አንቲሳናን በአራተኛው አድርጉት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብሮ ከመጣ ወፉን ትታችሁ ውረዱ።